ድምፁን ማን ዘጋው?

ነዚፍ ቪዲዮ ቤት ነበርን፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሂርማታ፤
ሁለት ሁለት ብር ከፍለን፣ ፍርሃት ልንገዛ ማታ።

አምፖል ከአገጭ ስር ሲበራ፣ የዓይን ቤት ጉድጓድ ሆነ፤
የአንድ ሰው ጥላ ግድግዳው ላይ፣ ሰባት ሰው አክሎ ገነነ።
ከድመት ቁመት ዝቅ ብሎ፣ ካሜራው እያደባ፣
በሩ ሳይከፈትለት፣ በቁልፉ ቀዳዳ ገባ።
አንዲት የቫዮሊን ክር፣ ቀጠነች፣ አልበጠስ አለች፤
ዘቢባ በጨለማው ውስጥ፣ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ተከለች።

ነዚፍ ሳቀና ተነሳ። ድምፁን እስከ ዜሮ ዘጋ።
«አሁን እዩት» አለ፣ «ይኸው ነው፣ ያ ሁሉ አደጋ?»
ሊጥ የተቀባ ሰውዬ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣
ጥርስ ሊያስነቅል መጥቶ፣ የቆመ፣ ሐኪም አጥቶ።
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘቢባም ጥፍሯን ነቀለች፤
«ለካ ጆሮዬ ነው ፈሪው፣ ዓይኔማ ጀግና ነው» አለች።

መብራት ሄደ። ወጣን።

አዌቱ ድልድይ ስንደርስ፣ እንቁራሪት ያቅራራል፤
ጭቃው፣ ሳሩ፣ ውሃው ሁሉ፣ ጉሮሮ አብቅሎ ያወራል።
እኔም እንደ አዋቂ፦
«አየሽ፣ መብራቱ ከታች ሲመጣ፣ ካሜራው ደግሞ…»

ሺህ ጉሮሮ፣ ባንድ ጊዜ፣
ጸጥ።

ጥፍሯን ያንኑ ቁስል ላይ፣ ዳብሳ መልሳ ተከለች፤
«ነዚፍ ማዶ ቀርቷል፤ ታዲያ፣ ድምፁን ማን ዘጋው?» አለች።