የዝናቡ መንገድ

አርባ ዓመት ሙሉ ቀለም ቀቢ ነበርኩ፣
ግሪምስቢ ወደብ ላይ ስንቱን ግንብ አደስኩ።
ባሕሩ ሲተነፍስ ጨው ነው የሚተፋ፣
የቀባሁት ሁሉ በሁለት ክረምት ጠፋ።
ስንጥቁን በስቱኮ፣ ዝገቱን በአንቲራስት፣
እርጥቡን በነጭ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት።
ሒሳቤን ስቀበል ባለቤት ደስ ሲለው፣
ውስጤ ግን ያውቀዋል፦ ዝናብ ተመላሽ ነው።

ዛሬ በጓሮዬ አምፖል አስጠግቼ፣
በመነጽሬ ላይ መነጽር አጥልቼ፣
ከፎምና ካርቶን፣ ከአይስክሬም እንጨት፣
ስንዝር የማይሞላ እሠራለሁ ቤት።
አዲስ አድርጌ እጨርሰውና
ያን ጊዜ ሥራዬ ይጀመራል ገና፦
ማስረጀት።

መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ የጡብ ቀይ፣
ጉም የመሰለ ግራጫ ከላይ።
ብሩሼን ነክሬ በጨርቅ እጠርጋለሁ
ቀለም አለቀበት እስኪባል ድረስ፤
ያ የቀረው ጭላጭ ከጡቡ ጠርዝ ሲደርስ
ሰባ ዓመት አራግፎ ያልፋል።

የማድ ቤት ጨው እበትናለሁ በረጠበው ዝገት፣
በላዩ አረንጓዴ ቀብቼ፣ ጠብቄ ሲደርቅለት
በጥፍሬ ስፍቀው ይረግፋል ቅንጣቱ፤
ብቅ ይላል ከሥሩ የቆርቆሮው እውነቱ።
ያው ጨው ነው፣ ባሕሩ ሲተፋብኝ የኖረው፣
አሁን በሻይ ማንኪያ ለክቼ የማዘው።

ከዚያ ጥላሸት የመሰለ ቀለም
በአኳራጅ አቅጥኜ ከክፍክፉ ጫፍ ጠብ አደርጋለሁ።
እኔ አልመራውም፤
መንገዱን ራሱ ያውቃል።
ዝገት ከየትም አይጀምርም፣
ውሃ ከሚያርፍበት እንጂ፦
ከሚስማር ራስ፣
አሸንዳ ከተሰነጠቀበት፣
ከመስኮት ደፍ ማዕዘን።
ይህን ማንም አላስተማረኝም፤
መሰላል ላይ ቆሜ አርባ ሚያዝያ ያየሁት ነው፣
አንዱን እድፍ ደጋግሜ ስቀብረው።

በሰሜኑ በኩል፣ ፀሐይ በማያየው፣
የድንጋይ ሽበት በስፖንጅ አበቅላለሁ።
ዊኒፍሬድ በነበረች ጊዜ ትስቅብኝ ነበር፦
«ለድንጋዩ ሽበት፣
ለራስህ ጥቁር ቀለም!»

ቅዳሜ ማታ ኪየራን ይመጣል፣ የጎረቤት ልጅ፣
ታንኮቹን በጫማ ካርቶን ይዞ።
ጠረጴዛችን አሮጌ በር ነው፤
እጀታው የነበረበት ቀዳዳ
ኩሬ ሆኗል።
የኔ እግረኞች ከቤቱ ውስጥ አድፍጠዋል፣
የሱ መድፍ ከኩሬው ማዶ።
አራት ከወጣለት ይመታል፤
ቅርብ ስለሆነ ሦስትም ይበቃዋል።
ዳይሱን በመዳፉ አሸ፣
አሸና ተወው።
አጎነበሰ። በመስኮቱ ቀዳዳ አየ፣
ከደፉ ሥር ያወረድኳትን የእድፍ መስመር፣
ከበሩ ፊት ያሳሳኋትን ሣር፣
ሰው ሲመላለስባት የኖረች የምትመስለውን።
«እዚህ ማነው የሚኖረው?» አለኝ።

የጨዋታው ሕግ አርባ ስምንት ገጽ ነው፤
መልሱ የለበትም።
«ማንም» ልለው ነበር፣ አፌ እንቢ አለ።
«አንዲት ሴት» አልኩት፣
«አሸንዳውን ዘንድሮ አሠራለሁ እያለች
ዘንድሮ የሚያልፋት።»

ኪየራን መድፉን ወደ ጎን አዞረ፣
ባዶ ሜዳ ተኮሰ።
በሁለት ዙር ተሸነፈ።
ታንኮቹን ወደ ካርቶኑ ሲመልስ
አልተናደደም፤ ደግሞም ምንም አላለ።

እሑድ ጠዋት፣ ቆሻሻ ላወጣ ብዬ፣
ከራሴ መስኮት ሥር ቆምኩኝ ዘግይቼ፦
ቡናማ መስመር፣ እንደ ምላስ ቀጭን፣
ሲወርድ የከረመ፣ እኔ ሳላየው።
ድሮ ቢሆን መሰላል ነበር፤
ሁለት እጅ፣ ሦስት።
ገባሁ። ትንሿን ብሩሽ አመጣሁ፣
ክዳን ላይ ቀለም በጠበጥኩ፣
ከግድግዳው ጋር አስተያየሁ፣ ጥቂት ቀይ ጨመርኩበት።
ልሸፍነው አይደለም።
ተንበርክኬ፣ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤
ካርቶን ላይ፣ በጣት ቁመት፣ እንዳለ ቀዳሁት።