መረብ፣ ሁለት

አባቴ አምብሮዝ፣ የስኬርዊክ ሰው፣
እጁ የሚያውቀው መረብ ብቻ ነው።
ዓሣ በነበረ ጊዜ፣ ወደቡ ላይ ቁጭ ብሎ፣
ሰሜን ባሕር የበጣጠሰውን በእንጨት መርፌ ቀጥሎ
ይመልስ ነበረ ለማለዳ ጀልባ።
ሄሪንጉ ሲሸሽ፣ ወደቡ ሲዘጋ፣ ዝገቱ ሲገባ፣
መርፌውን በኪሱ ይዞ ኮረብታውን ወጣ፤
ከክለቡ ሁለት ጎሎች አዲስ መተዳደሪያ አመጣ።
«መረብ መረብ ነው» አለ፤ «ልዩነቱ ቀላል፦
የባሕሩ ሲሞላ ገበያው ይጮኻል፣
የዚህኛው ሲሞላ ከተማው ያብዳል።»

እኔ በር አራት ነኝ፦ የሚሽከረከር ብረት፣
አንዲት ጠባብ ቀዳዳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
ፊት አላውቅም። የማውቀው እጅ ነው፣
ሳንቲም ይዞ ገብቶ፣ ትኬት ይዞ የሚወጣው።
የወይዘሮ ፕሩደንስ ጓንት፣ ጫፉ ያለቀ፣
የሃክስቢ ልጅ መዳፍ፣ ግሪሱ ያልለቀቀ፣
የዓይነ ስውሩ ሲረል፣ በከዘራ የሻከረ፣
ጨዋታ በጆሮው አይቶ ለኛ እየተረጎመ የኖረ።

ማክሰኞ ማታ ባለቤቱ በስክሪን መጣ፤
ከጀርባው ፀሐይ፣ በኛ መስኮት የማያባራ የዝናብ ቁጣ።
«ቡድናችን ያድጋል» አለ። «ከመጪው ዓመት ጀምሮ
ይጫወታል በባሕረ ሰላጤው፣ በአዲስ ስታዲየም ሰፍሮ።
ጣሪያው ብርድ ይነፋል። ወንበሩ ስድሳ ሺህ።
ስሙ ያው፣ ማልያው ያው፤ ምን ይጎድልባችሁ?»

ያው?
ባለሜዳ ነበርን። ሜዳው አብሮ ካልሄደ
ባለ ምን ነን እንግዲህ? ቃሉም እንደ መረብ ተቀደደ።

በዓሣ አጥማጆች አዳራሽ ተሰበሰብን ሐሙስ፣
ሻዩ ሲቀዘቅዝ፣ ወሬው ሲታመስ።
ወንድሜ ኬልቪን «እከተላለሁ» አለ፤ «ፍቅር ርቀት አይቆጥርም፤
ጨረቃ ላይ ቢጫወቱ ቴሌቪዥኔን አልዘጋም።»
«እኔ» አለች ፕሩደንስ፣ «የባሌን አመድ የበተንኩት
ማዕዘን ምቱ ጋ ነው፣ ሣሩ ቀድሞ በሚያድግበት።
እሱን በየትኛው ሻንጣ? በየትኛው ፓስፖርት?»

ከኋላ አንድ ሳል። ዞር አልን። ቀይ ሻርፕ። ጠላት!
ከወንዙ ማዶ፣ ከኦርምቢ፣ ግራንቪል የሚሉት።
ስድሳ ዓመት የሰደበን፣ ስድሳ ዓመት የሰደብነው፣
ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ የቆመው።
«እናንተ ከሄዳችሁ» አለ፣ «ቅዳሜ ማንን ልስደብ?»
ማንም አልሳቀም። ዝናቡ ብቻ፣ ጣሪያው ላይ፣ ጠብ ጠብ።

ደጋፊ ማለት ምሰሶ ነው። ግን ምን ያረጋል ምሰሶ
ጣሪያው ክንፍ አውጥቶ ሲሄድ፣ ግድግዳውን አፍርሶ?

የመጨረሻው ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ አለቀ።
ሲረል ብቻ «ጎል!» ብሎ ጮኸ፣ መረቡ ሲንሿሿ ሰምቶ፤ ሳቀ።
ነፋስ ነው ብሎ የነገረው የለም።
እጁን ጨበጥነው፣ አንድ በአንድ። እስከ ዛሬም
ያን ቀን አሸነፍን ይላል።

ሰኔ ላይ ጫኚዎች መጡ፣ ረጅም ዝርዝር ይዘው፦
ዋንጫ፣ አንድ፣ ጆሮው የተሰበረው፤
ሣር ማጨጃ፤ ደወል፤ የተጫዋቾች ፎቶ፤
መረብ፣ ሁለት። አባቴ ፈረመ፣ ተረጋግቶ።
«ራሴ ላሽገው» አለ። ሳጥኑን ቸነከረ።
መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ወደ ቤት ዞረ።

ማታ ጓዳ ገባሁ። የጎሎቹ መረብ፣ ሁለቱም፣ ከነጭቃው፣
አልጋው ሥር እንደ ውሻ ተጠቅልሏል፣ ካልጠሩት የማይነቃው።
«ታዲያ የሄደውስ?» አልኩት።
መርፌውን ከኪሱ አወጣ፤
«የአያትሽ የሄሪንግ መረብ ነው፤ አርባ ዓመት ጨው የጠጣ።
እዚህ ብርድ ነው፣ ዝም ብሎ ይተኛል።
የዚያ አገር ጣሪያ ብርድ ይነፋል አሉ፤ ማሽን ደግሞ ይበላሻል።
ያን ቀን ሜዳው ይሞቃል።
ያን ቀን
ስድሳ ሺህ ወንበር ሙሉ
ስኬርዊክ ይሸታል።»