ማርስ ላይ የታየች ላም

ዩታ፣ ሀንክስቪል አጠገብ፣ ቀዩ አፈር ላይ፣
ነጭ ክብ ቤት አለ፣ የሰጎን እንቁላል ከሩቅ ሲታይ።
እኛ ማርስ እንለዋለን፤
ለመውጣት ልብስ እንደርባለን፣ የራስ ቁር እንደፋለን፣
በሩ ሥር አምስት ደቂቃ ቆመን፣
አየሩ እስኪወጣ እንጠብቃለን።
የሚወጣ አየር የለም፤ ግን እናምናለን።

መሪያችን ዊልማ ታገርት፣ ስልሳ ስምንት ዓመት ያለፋት፣
ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷ ቀድሞ የሚነግራት፣
አብራሪ አይደለችም፤ ማሽን ማስተማር ነው ሥራዋ።
በወጣትነቷ፣ ፒትስበርግ፣ ምድር ቤት ነበር ቢሮዋ፤
ቁም ሣጥን ከሚያህል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣
«እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ አድርግ» እያለች ሕግ ስታወጣ፣
ስምንት ሺህ ደረሰች።
ማሽኑ ግን በርጩማን ከጠረጴዛ መለየት አቃተው፤
ገንዘብ ሰጪው መጥቶ አየ፣ ሳቀ፣ በጀቱን ዘጋው።
እሷም በርጩማውን በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤
ዛሬም እሱው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች።

ከዚያ ዘመን ዞረ፣ ሕግ መጻፍ ቀረ፤
ማሽን እንደ ሕፃን፣ አይቶ አይቶ መማር ጀመረ።
ድንጋይ አሳየችው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ አሸዋ ድንጋይ፣ ሸክላ፣
ሚሊዮን ድንጋይ፣ ከሚሊዮን በኋላም ሌላ።
ጎበዝ ወጣው፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ፣
መልስ ከቶ የማያጣ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ላም ብቅ አለች።
ቀይ ናት፣ ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር አንጠልጥላለች፤
ማርስ መሆኑን ማን ነግሯት? ቆማ ታመነዥካለች።
ሮቨራችን ዓይኑን አዞረና ጻፈ፦
«ድንጋይ። ዘጠና ሰባት በመቶ።»
ድንጋዩ ጅራቱን ወዘወዘ። ድንጋዩ እበት ጣለ።
«ድንጋይ፤ ዘጠና ስምንት» አለ።

ሳቅን፣ የራስ ቁራችን መስታወት እስኪሸፈን በጉም።
ዊልማ አልሳቀችም።
ለምድር ጣቢያ ጻፈች፤ መልእክቱ ሃያ ደቂቃ ይጓዛል፣
(እውነቱን ለመናገር፣ ዴንቨር ያለው ልጅ ሰዓት አይቶ ያቆየዋል)
መልሱም ሌላ ሃያ ይፈጃል።
አርባ ደቂቃ ሙሉ እሷና ላሟ ተያዩ፤
መልሱ መጣ፦ «አልገባንም። ድንጋዩን በደንብ እዩ።»

ሦስት ሌሊት፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር፣
አንድ ቃል ነበር የምታስተምር።
ከስምንት ሺህ ሕግ በኋላ፣ ከሚሊዮን ድንጋይ በኋላ፣
ላሟ ተመለሰች፣ ጥጃዋን አስከትላ።
ሮቨሩ ዓይኑን አዞረ፤ ቆየ። መጻፍ ጀምሮ ተወው።
ከዚያ «አላውቅም» አለ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠረው።

ዊልማ ያኔ ጓንቷን አወለቀች፤
(ማርስ ላይ ይህ ሞት ነው) የጥጃውን ግንባር ዳበሰች።
መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ቀን አሥራ አራት። መሪያችን ሞተች።
ለእራት ግን መጥታ ሁለት ሳህን ባቄላ በላች።»