ጥያቄ ቁጥር አንድ

በኅዳር ዋዜማ፣ በሜይን ጠረፍ፣ በታርቦክስ ወደብ፣
ተማሪ ምሳ በሚበላበት ጠረጴዛ ዙሪያ ስንሰበሰብ፣
የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ የጎማ ቦት ጭቃ፣
የባሕሩ ነፋስ መስኮቱን ሲያነቃ፣
እኔ የመንደሩ ጸሐፊ፣ ማኅተም ያዥ፣ መዝጋቢ፣
ልደትና ሞትን፣ ውሻና ጀልባን በአንድ ደብተር ከታቢ፣
አራት መስመር በቁም፣ አምስተኛውን በአግድም፤
‹አዎን› ወደ ቀኝ፣ ‹አይሆንም› ወደ ግራ፤ ወረቀት ስም የለውም።

ጥያቄ ቁጥር አንድ ‹ኦሪንና ሉሲየን› አይልም፣
በሕግ ቋንቋ ነው የተጻፈ፤ ግን እዚህ ማንም አይታለልም።
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጀልባ ሎብስተር አጥምደው፣
አንድ ምድጃ ሞቀው፣ አንዱ የአንዱን ሳል አስታመው።
ከሦስት ዓመት በፊት ምክር ቤት የሰጣቸውን
ሕዝብ በድምፁ ነጠቃቸው፣ ገና ሳይቀምሱ ወጉን።
ያኔም እኔው ነበርኩ የቆጠርኩ።
በማግስቱ ሉሲየን የጀልባ ፈቃድ ሊያድስ መጣ፤
‹ደህና አደርሽ› አለኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ማኅተሙን መታሁ፤
ደብዝዞ ወጣ።

እኔ ዶይልን ሳገባ መንደሩ መቼ ተጠየቀ?
ሰካራም መሆኑን እያወቀ ማን ‹አይሆንም› ብሎ ጠበቀ?
አንድ ሰው አጥቼ፣ አንድ ‹አይሆንም› አጥቼ
ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ፣ ስብርባሪ ጠርጌ፣ ጠርሙስ አንሥቼ።
ያኔ ነበር ድምፅ መስጠት።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቆጠራው አለቀ፤
በታርቦክስ ወደብ፣ በሰባት ድምፅ፣ ‹አይሆንም› ላቀ።
ቆይቶ ሬዲዮው፦ ግዛቲቱ ግን ‹አዎን› ብላለች፤
ዳኛ ሳይሆን፣ ሸንጎ ሳይሆን፣ በሕዝብ እጅ አዘንብላለች።
ሰባት ሰው። ዳቦ ስገዛ ፊታቸውን እፈልጋለሁ።
ባለፈው ግን ዘጠና አንድ ነበሩ፤ ይህንንም ቆጥሬአለሁ።

በታኅሣሥ፣ በረዶው ጉልበት ሲውጥ፣ ሁለቱ ከቢሮዬ ደረሱ፣
የለቅሶ ኮታቸውን፣ ሌላ የላቸውምና፣ እንደለበሱ።
ከኋላቸው ሜርል ቆሟል፣ የውሻ ፈቃድ ሊያወጣ፣
‹አይሆንም› የሚል ሰሌዳ ከደጃፉ መስከረሙን ሁሉ ያልታጣ።
‹ይህ ሰልፍ ስንት ይፈጃል?› ሲል አጉረመረመ፤
‹ሠላሳ አንድ ዓመት› አለው ኦሪን፣ ዞር ሳይል፣ እንደቆመ።

ሉሲየን ሊፈርም ሲል እስክሪብቶዬ ደረቀ፤
ሜርል ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ዘረጋ፣ ዐይኑን እያራቀ።
‹እርሳስ አይሆንም› አልኩት፣ ‹ሕግ ነው፤ እርሳስ ይጠፋል።›
ዝም ብሎ አየኝ። ወጣ። በተከፈተው በር በረዶ ያልፋል።
ከጭነት መኪናው ተመለሰ፣ ቦቱን እያራገፈ፣
ጫፉ የታኘከ እስክሪብቶ ይዞ፤ ሉሲየን በእሱ ጻፈ።

ሜርል በየትኛው ክምር እንደነበረ አላውቅም፤ ወረቀት ስም የለውም አልኩ።
የውሻዋ ስም ፐርል ነው። እሷንም መዘገብኩ።