ባዶ መስሎኝ

ሃያ ስምንት ወረቀት ከመስኮቱ ሥር ተሰጥቶ፣
ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ ጠርዙ በሐይቁ ነፋስ ተነሥቶ፣
እኔ ቀይ ማርከር ይዤ፣ እንደ ገበያ ቀራጭ፣
ከራስጌ ስም ለጣፊ፣ ከግርጌ ቀን ቆራጭ።

ሩፎ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ሰማያዊ ነው በሞላ፣
በአምስት ጣት የተለቀለቀ፣ ብሩሹ ተጥሎ ወደ ኋላ፤
ከላይ ጥግ አንዲት ነጥብ፣ ጥቁር፣ ቁንዶ በርበሬ የምታህል፣
ከነጥቧ እስከ ታች ጠርዝ ነጭ ሰርጥ፣ ምንም የሌለበት መሀል።

ባዶ መስሎኝ፣
እዚያው ሰርጡ ላይ፣ በሚደነቀው የእጅ ጽሕፈቴ፣
«ሩፎ ባራሶ። ዓሣ።» አልኩ፤
ነጥቧን ዓይን አድርጌ፣ ዓሣውን ፈጠርኩለት ከቤቴ።

ልጁ አላለቀሰም። ቢያለቅስ በቀለለኝ።
ጣቱን ቀዩ ፊደል ላይ አኑሮ፣ ቀና ብሎ አየኝ፤
«አባዬ የሚመጣው በዚህ ነበር» አለኝ።
«አሁን ዘጋሽበት።»

አባቱ ማታ ወጥቶ ሐይቁ ላይ መረብ ይጥላል፤
ልጁ ዳር ቆሞ ያያል፣ ጀልባዋ ነጥብ እስክትሆን ያያል።
ባዶ ያልኩት መንገድ ነው፤ ቀለም ያልነካው ሆን ብሎ፣
ሲጠብቀው ያረፈደ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አንጠልጥሎ።
እኔ ግን ደወል ሳይደወል ልጨርስ ብዬ ቸኩዬ፣
የሰው አባት ሐይቅ ላይ አስቀረሁ፣ በቀይ ፊደል ከልክዬ።

ማጥፊያ ነጭ ቀለም አመጣሁ።
«ተዪው፣ ከሥሩ አለ» አለኝ።
እውነቱን ነው። አለ።

ከዚያ ወዲህ እንበረከካለሁ፣ ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ፤
ስምሽ የት ይጻፍ? ፊት ነው ጀርባ? የቱ ነው ወደ ላይ?
«ምንድነው?» አልልም፤ «ንገሪኝ» እላለሁ፤ ዝም ካለች ዝም ነው።
የተናገሩትን በቁራጭ ወረቀት፣ ከሥዕሉ ውጭ፣ እንዳሉት ነው የምጽፈው።
ኬሪያ፦ «የጉንዳን ሠርግ ነው፣ አትርገጡ።»
ኢሳያስ፦ «አልነግርም።»
ጻፍኩት። «አልነግርም»፣ በአራት ነጥብ ዘግቼ።

የወላጆች ቀን ዋዜማ ወይዘሮ የሺመቤት መቀስ ይዘው መጡ፤
ጠርዙ ይስተካከል አሉ፣ ቆንጆ ቆንጆዎቹ ይመረጡ፣
ከፍ ብለው ይሰቀሉ፣ ከሐዋሳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዳ አለ።
«የነጠላዎን ጥለት ቆርጠን ብንሰቅለውስ?» አልኳቸው።
ሳቁ። መቀሱን ግን አልሰጡኝም፤
ስደርስ ሰባቱ ተቆርጧል።
የአንዲቱ ፀሐይ ግማሽ ጆሮዋን አጥታለች፣
ከቆሻሻ ቅርጫት አንሥቼ በማጣበቂያ መለስኩላት፤
ስፌቱ ይታያል።

የቀረውን በልጆች ዓይን ልክ፣ ከወገብ በታች ሰቀልን።
ሩፎ ያንኑ ሥዕል አመጣ። አዲስ ሥራ አላልኩትም።
ለመግለጫ ብዬ የሰጠሁትን ነጭ ቁራጭ በጥርሱ ቀደደ፣
ቀጭን ቀጭን አድርጎ፣
በፊደሎቼ ዙሪያ አጠማዝዞ ለጠፈው፣
ከነጥቧ ጀምሮ፣ በ«ሩፎ» በግራ፣ በ«ዓሣ» ሥር፣ እስከ ታች ጠርዝ።
ጀርባው ላይ በገዛ እጁ «ሩ» ብሎ ጻፈ፣ እግሯ ወደ ግራ የዞረች።
አላቀናኋትም።

አባትየው ሲመጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነበር፤
ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ ይራመዳል፣ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ይላል።
ሌሎች ቀና ቀና እያሉ ከፍ ያሉትን ሲያዩ፣
እሱ ቁጢጥ አለ።
የመረብ ገመድ የሰነጠቀው ጣቱ፣ ሳይነካ፣ ከወረቀቱ ስንዝር ርቆ፣
መንገዱን ተከተለ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ወረደ፤
ጠርዙ ጋ ሲደርስ ልጁን ደረቱ ላይ አገኘው።

«ይሄ ቀዩስ ምንድነው?» አለ።
ሩፎ ዞር ብሎ አየኝ። አሰበ።
«መምህሬ ናት» አለው፣
«መንገድ ላይ ቆማ።»