የሳፋው ነዋሪ

በቂርያት ጋት ከተማ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በረንዳዬ ጠባብ ነው፤ ግማሹ ልብስ ማስጫ፣ ግማሹ ሰማይ።
እዚያ ጥግ ሳፋ አለ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣
ጎረቤቴ ዚና ቤት ስትቀይር ከደጅዋ የወደቀ።

ማዕያን ያኔ አምስት ዓመቷ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት መጥታ፣
«አባ፣ ለፌያ ቤት ሥራላት» አለች፣ ጫማዋን ሳትፈታ።
«ፌያ ምንድን ናት?» ብላት፣ ትንሿን ጣቷን አቁማ፣
«ይቺን የምታክል፣ ባለ ክንፍ፣ የምትመጣ በጨለማ።»

በአማርኛ ስም ፈለግሁላት፤ አጣሁ።
አድባር እንዳልላት ትልቅ ዛፍ ትሻለች፣
ቆሌ እንዳልላት ደም ትጠይቃለች፣
ዛር ብላትማ እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከመቃብሯ ትነሣለች።
እኔ ባደግሁበት ወንዝ ዳር፣ በዋርካው ሥር ያሉት
መሰላል አይሠራላቸውም፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፋቸው፣ ሲመሽም የሚሸሹት።
ስለዚህ ፌያ ብዬ ተውኩት። ምን ይደንቃል?
እኔስ እንግዳሸት ብዬ ገብቼ
አሸር ተብዬ አይደል ከአየር ማረፊያ የወጣሁ?

በሱካ ሰሞን
በአይስክሬም እንጨት ዳስ ቀለስን፤
ጣራው የጥብስ ቅጠል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር የሰረቅን።
ሰግድ ሲደርስ ጠጠር ከምረን ተራራ ሠራንላት፤
እኛ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ ልጄ ብስኩት አስቀመጠችላት፣
«አትጾምም፣ ገና ሕፃን ናት» ብላ።
ስንመለስ ጉንዳን ጨርሶታል።
«አየህ? በላች!» አለችኝ ዘላ።

ክረምቱ መጣ፤ ሳፋው ሞላ፤ መሰላሉ ብቻ ተረፈ።
ሶፋዋ ቡሽ ነበርና እንደ ኖኅ መርከብ ተንሳፈፈ።
የዛፎች አዲስ ዓመት ዕለት ሦስት ፍሬ ምስር ተከልን፤
በሳምንቱ ደን ሆኖ መንገዱን ዘጋብን።

ለፋሲካ ቤት ሲጠረግ፣ ኪስ ሁሉ ሲገለበጥ፣
የፌያዋን ደጃፍ በጥርስ ብሩሽ ፈተገች፣ እርሾ እንዳይቀመጥ።
ድስቷ የለውዝ ቅርፊት ነው። ሰብሬ አዲስ ሰጠኋት።
«ለምን ሰበርከው?» አለች።
እናቴ በየፋሲካው የሸክላዋን ዕቃ ሁሉ ሰብራ
እንደ አዲስ ትሠራ እንደነበር፣ ያን ቀን ነገርኳት።

ሐምሌ ላይ ሐምሲን ነፈሰ።
የፕላስቲኩ ወንበር እንደ ሻማ ጎበጠ፣
ምስሩ ገለባ ሆነ፣ ስንጥቁ አፍ አውጥቶ ተገለጠ።
እርጥብ ፎጣ ጋረድንላት፤ ፎጣውም በሰዓቱ ደረቀ።

ከዚያ አንድ ማታ ሳይረኑ።
ልጄን ታቅፌ ደረጃውን በሩጫ፣ ካልሲዋ አንድ እግር።
መጠለያው ውስጥ አላለቀሰችም።
ጆሮዬ ሥር ብቻ፣ «እሷስ የት ትገባለች?»

ብረት ስቆርጥ አለቃዬ አየኝ።
ለምን እንደሆነ ስነግረው ሳቀ፣
ከዚያ ዝም አለ፣
ከዚያ ወፈር ያለውን ብረት ሰጠኝ።
የክብሪት ሳጥን የምታህል መጠለያ፣ በሯ በማጠፊያ፤
ከመሰላሉ ሁለት እርምጃ ብቻ፣ ለባለ ክንፍ መሮጫ።

ይኸው ማዕያን አሥራ አራት ሞላት።
ፌያ ሲባል ፊቷን ታዞራለች፣
ስልኳን ይዛ በሯን ትዘጋለች።
እኔ ግን ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ቡትስ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
በቡና ማንኪያ ውኃ አጠጣለሁ፣ ጎረቤት ሳይነቃ፣ ፀሐይ ሳትዘልቅ።
ሚስቴ፣ «ለማን ነው?» ትለኛለች። ለማን እንደሆነ እንጃ።
ዘንድሮም ዳስ ቀለስኩ። ዘንድሮም ጠጠር ከመርኩ።

ዛሬ ንጋት ላይ መሰላሉ ቦታውን ለቆ
ወደ ስንጥቁ ተደግፎ አገኘሁት።
ድመት ይሆናል። ንፋስም ይሆናል።
በጣቴ ነካሁት አፈሩን፤
እርጥብ ነው።
ማንኪያዬ ገና ከኪሴ አልወጣችም።