የጆሮ ድንጋይ

ኮምቦልቻ ወደብ አላት፤ ደረቅ ወደብ ይሉታል፤
ጨው አይሸት፣ ማዕበል አያውቅ፣ ኮንቴይነር ብቻ ይደረደርበታል።
እኔ ሚዛኑ ላይ ነኝ፤ የመጣ መኪና እመዝናለሁ፣
ቁጥሩን እጽፋለሁ፣
ማኅተም እመታለሁ።

በደረት ኪሴ የክብሪት ቀፎ አለች፤
ውስጧ፣ በጥጥ ተጠቅልላ፣
ከምስር ክክ የምታንስ ድንጋይ ተኝታለች።
አዲሱ ጸሐፊ ሚፍታህ አንድ ቀን አይቶ
«ክታብ ነው እንዴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ክታብስ አይደለም።
ድንጋይ ናት፣ ከዓሣ ጆሮ የወጣ።
ቁጭ በል፤ መኪና እስኪመጣ።

አሳብ ነበርኩ ያኔ፤ ጢሜ ገና ሲያቀመቅም፣
ከዓሣ አጥኚዎች ጋር በቀን ሂሳብ ተቀጥሬ ስደክም።
ማታ ማታ ከኮሎይታ ጋር በጀልባ ወጥተን መረብ እንስባለን፤
ዓይኑ ከሻሽ የጠበበ።
ፋኖሱን ሳስጠጋ ባዶ።
ኮሎይታ ይስቃል፤ «ዓሣውን ተወው፤ ዓይን ዓይኑን እይ» ይላል።
እውነትም ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ ውኃው ላይ ይዋልላል፤
ገላው መስተዋት፣ አጥንቱ ክር፣
ከሽፋሽፍት የማይረዝም፣ አገር የሌለው ፍጡር።

እናት ኮራሉ ሥር ትጥለዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የባሕሩ ነው።
በበጋ ነፋሱ ከደቡብ ይነሣል፤
የኤደንን ውኃ በባብ ኤል መንደብ አሾልኮ ወደ ሰሜን ይነዳል፤
ክረምት ሲገባ ያው በር ያስገባውን ይመልሳል።
በአንድ ሌሊት የተፈለፈሉ እህትና ወንድም
አንዱ ዳህላክ፣ አንዷ የመን ማዶ።
አንዳንዱን ደግሞ አዙሪት ይይዘዋል፤
ደጃፉ ላይ ሲሽከረከር ከርሞ
ከተወለደባት ድንጋይ ተመልሶ ይገባል።
የሚበዛው የትም አይደርስም፤ ይህን አልደብቅህም፣ ሚፍታህ።
ይበላል።

በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት ላይ፣ የእኛም ውኃ ተናወጠ።
አያታችን ከሐረጎ ሥር ቦርከናን ተከትሎ የወረደ፣
ወንዙ በረሃ ላይ ደክሞ ሲቀር እሱ ባሕር ድረስ የሄደ፤
የልጅ ልጆቹ በአንድ ሌሊት ሁለት ቦታ።
እኔ በቆምኩበት ደጅ ያለው መኪና ፊቱ ወደ ባቲ ነበር፤
እህቴ ሸምሲያ የገባችበት ሰልፍ ወደ ጀልባ።
ማን መረጠ? ማንም።
ጨው ጆንያ ላይ ተኝቼ፣ ኮምቦልቻ ስነቃ፣
ኪሴ ውስጥ ይህቺ ብቻ ነበረች፤ ሌላ የለኝም ዕቃ።

ድንጋይዋ በየዕለቱ አንድ አንድ ቀለበት ትደርባለች።
ሌሎቹን ፈግፍገን በአጉሊ መነጽር ስናይ
ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ ቀለበት የመንገድ፤
ከዚያ አንድ ጠቆር ያለ መሥመር፤
ቤት የገባበት ሌሊት።
ይህቺ ግን አልተቆጠረችም፤ ሳንደርስባት ሸሸን።
የእኔን ጆሮ ቢፈገፍጉት ያቺ መሥመር ትገኝ ይሆን?
እንጃ።

ግን ገለባ አይደሉም፤ ይህንንም ስማኝ።
አንድ ሌሊት ኮሎይታ ጆሮዬን ከጀልባው ወለል አጣብቆ
«ዝም በል» አለኝ።
ከሥር፣ ቆሎ ሲታመስ የመሰለ፣ ጣ ጣ ጣ፤
የኮራሉ መንደር ነው፣ ሌሊቱን የሚንጣጣ።
እነዚያ መስተዋቶች ይህን ይሰማሉ፤
ክንፋቸው በወጉ ሳይጠና
ከሚነዳቸው ውኃ ሰያፍ ይቆርጣሉ።
ብዙውን ባሕሩ ይወስናል፤
ጥቂቷን፣ የመጨረሻዋን ክንድ፣ ራሳቸው ይዋኛሉ።

ባለፈው ሐሙስ ሸምሲያ ደወለች፣ ከሆዴይዳ።
አማርኛዋ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል።
«ከኋላህ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለች።
ሚዛኑ ነው አልኳት፤ ጎማ ሲወጣበት ብረቱ ይጮኻል።
«አትዝጋው፤ ትንሽ ልስማ።»
ስልኩን ወደ ብረቱ አስጠጋሁ።
ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ነበር፣ አርባ ሁለት ቶን፤
ቁጥሩን ሳልጽፍ ቆየሁ፣
ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ።